የእግዚአብሔር እንግዳ፤ ከሐብሩ ወደ ላስታ ስለሚወጣው የእግር መንገድ

መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ባሠራው ሰው ስም ነው። ይህን ድልድይ እገሌ ንጉሥ አሠራው፤ ያንን ጎዳና እገሌ መንግሥት ጠረገው እየተባለ ይጻፋል። የሰውና የአጋሰስ እግር ብቻ የደለደለው ቀጭን መንገድ ግን ታሪኩን የሚጽፍለት አያገኝም። ከሐብሩ ቈላ ተነሥቶ፣ በመርሳና በወልድያ አልፎ፣ የየጁን ዳገት ወጥቶ እስከ ላስታ ላሊበላ የሚዘልቀው የእግር መንገድ እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። መነኰሳትና ነጋድያን፣ ንጉሥና ስደተኛ፣ ጠግቦ የሚዘምትና ተርቦ የሚሰደድ ሁሉ በዚህ አገር በእግሩ አልፏል። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ማን አለፈ ብለን ብቻ አንጠይቅም፤ ያለፈው ሁሉ ሲመሽበት ከማን ቤት አደረ፣ ለራቱስ ምን ከፈለ ብለን ልንመረምር አስበናል። የመንገድ ታሪክ ጠልቆ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ነውና። ዓመተ ምሕረት ብለን የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ሲሆን፣ የኤውሮጳውን በስሙ ለይተን እናመለክታለን።

አስቀድመን ምድሩን እንመልከት። ሐብሩ በደቡብ ሚሌ፣ በሰሜን አለ ውሃ የተባሉት ወንዞች የሚያዋስኑት፣ በምሥራቅም ወደ አፋር በረሓ የሚወርድ አገር ነው። ከከተሞቹ ዋናዪቱ መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ወልድያ 2,100 ሜትር ያህል ትሆናለች። ከወልድያ በድልብ አቅጣጫ ወደ ምዕራብ የሚወጣ መንገደኛ ወደ 3,000 ሜትር የሚደርሰውን የደጋ ጫፍ ሳይረግጥ ላስታ አይገባም። ከዚያም በኩልመስክ በኩል እየወረደና እየወጣ፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከላሊበላ ይደርሳል፤ በላይዋም ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሞ ይታያል። እንግዲህ ጉዞው ማሽላ ከሚበቅልበት ቈላ ተነሥቶ ገብስ ወደሚዘራበት ደጋ ነው፤ በመርሳ ላብ ያጠመቀው ሰው በማግስቱ ሌሊት ውርጭ ያንዘፈዝፈዋል።

የውሃው ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ሐብሩን የሚያዋስነው ሚሌ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከላስታ ተራሮች የሚፈልቀው ተከዜ ግን ወደ ምዕራብ ወርዶ፣ ከዓባይ ጋራ ተቀላቅሎ ግብፅን ያጠጣል። ስለዚህ መንገደኛው ዳገቱን ወጥቶ ከጫፉ ላይ በቆመ ጊዜ፣ በስተኋላው ያለው ዝናም ለበረሓ፣ በስተፊቱ ያለው ዝናም ለሜዲቴራኒያን ባሕር የተመደበ ነው። በእግር የሄደ ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሳይማረው በጉልበቱ ያውቀዋል።

በዚህ አገር በእግር ሄደው ስማቸው በጽሑፍ ከተረፈልን ሰዎች መካከል አባቶቻችን መነኰሳት ቀደምት ናቸው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፣ በትግራይ ከደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው ወደ ሐይቅ መጡ፤ ሐይቅም ከሐብሩ በስተደቡብ የምትገኝ ናት። እዚያም የሐይቅ እስጢፋኖስን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ ተነሥተው ወደ እርሳቸው መጡ፤ ከተማሩም በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓመተ ምሕረት የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመኑ ተጽፎባቸው ከተገኙት የአገራችን የብራና መጻሕፍት እጅግ ቀዳሚ ከሆኑት ይቈጠራል። ያ ሁሉ ትምህርት ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብም ወደ ሰሜን የተዘዋወረው በሰው እግር ነው። ተማሪው አኵፋዳውን አንግቶ፣ በየደጃፉ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ደብር ሲሻገር የመገበው ባላገሩ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ከሁሉ ይልቅ ያከበረው የላሊበላ ስም ነው። ሳላሕ አድ ዲን በ1187 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ኢየሩሳሌምን ያዘ። የአገራችን ትውፊት እንደሚናገረው፣ ንጉሥ ላሊበላ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ በመንገድ የሚደርስበትን ሥቃይ አይቶ፣ በሮሐ ሁለተኛይቱን ኢየሩሳሌም ከዓለት ፈለፈለ። ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎች ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በአንድ ንጉሥ ዘመን መሠራታቸውን ይጠራጠራሉ፤ የዮርዳኖስና የጎልጎታ ስም ግን በስፍራው ላይ እስከ ዛሬ አለ። ትውፊቱን በጥንቃቄ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ የላሊበላ ሥራ መነሻው ለደከመ መንገደኛ ማዘን ነው።

ወደ በዓሉም እንምጣ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ከገባ በኋላ፣ የልደት በዓል ሲቃረብ፣ የሐብሩና የወልድያ ዙሪያ ምእመናን ለመንገድ ይሰናዳሉ። በሶው ይፈጫል፤ ቈሎው ይቈላል፤ ድርቆሹ ይደርቃል፤ ሁሉም በስልቻና በአቅማዳ ተቋጥሮ በጀርባ ይታዘላል። ሽማግሌው ዘንጉን ይይዛል፤ እናት ልጅዋን ታዝላለች፤ የተሳለም ሰው ጫማውን አውልቆ ይሄዳል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን ነውና፣ የሩቅ አገር ሰው ቀን ቈጥሮ አስቀድሞ ይነሣል። በዚያ ሌሊት በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ ከዓለቱ ጫፍና ከታች ከቅጽሩ ሆነው ቤዛ ኵሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ ለማየት፣ ቀኑን ዳገት ሲወጣ የዋለ ሰው ቆሞ ያድራል።

መንገደኛው ግን ከቤቱ ያልተሸከመው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማደሪያው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ፣ «ቤቶች! መሽቶብን ነው፤ የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» ይላል። ባለቤቱም፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ብሎ ይመልሳል። ውሃ ይሞቃል፤ የእንግዳው እግር ይታጠባል፤ ካለው ይቀርብለታል፤ ከሌለውም ቦታና እሳት አይነፈገውም። በማለዳም እንግዳው መርቆ ይሄዳል። ክፍያው ምርቃቱ ብቻ ነው። ደግሞም በሐብሩና በየጁ ይህ ልማድ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ወደ ላሊበላና ወደ ግሸን ማርያም የሚሄደው ክርስቲያን በሙስሊም ቤት ውሃ ጠጥቶ ያርፋል፤ በየጁ ወዳለችው ወደ ዳና ለዝየራ የሚሄደው ሙስሊምም በክርስቲያን ደጃፍ ይቀመጣል። ሁለቱም የአብርሃምን ድንኳን ታሪክ ያውቁታል።

በዚያው ምድር ሌላ ዐይነት እንግዳ ደግሞ መጥቶ ያውቃል፤ እርሱም የንጉሥ እንግዳ ነው። በ1520 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ ወርደው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲሄዱ፣ ያን ጊዜ አንጎት በተባለው በዚህ አገር አልፈዋል። ከእነርሱ ጋራ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ፣ መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ታተመ። ላሊበላንም አይቶ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ እንደ ፈራ ተናግሯል። ከዚያ መጽሐፍ እንደምንረዳው፣ ለንጉሥ እንግዳ ዕቃውን ከአገር ወሰን እስከ አገር ወሰን ተሸክሞ ማድረስ፣ እንጀራውንም ማቅረብ የባላገሩ ግዴታ ነበረ፤ የዘገየም ይገረፍ ነበረ። ስለዚህ ያው ጎጆ፣ ያው እንጀራ፣ ለአንዱ በፈቃድ፣ ለሌላው በጅራፍ ይቀርብ ነበረ። አልቫሬዝ የባላገሩን ልግስናና ፍርሃት ለይቶ ለማየት አልተቻለው ይሆናል፤ በእንግዳ ዐይን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

ይህ ልዩነት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ከዚሁ መንገድ በስተምዕራብ በዋድላና በደላንታ ደጋ ላይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ጎልቶ ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ፣ ገደሉን እያስናዱና መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ንጉሡ ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ ነበረ። ነገር ግን ሠራዊቱ የሚበላው ከባላገሩ ጎተራ ስለ ነበረ፣ ሠራዊቱ ሲቃረብ ባላገሩ ቤቱን ጥሎ ይሸሽ ነበረ። በዚያው ወራት ደግሞ ጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝን ጦር ይዞ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ፣ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በአሸንጌና በላስታ ደጋ አልፎ መጣ። 44 ዝሆኖችም ነበሩት። ይህ ጦር እህሉንና ሣሩን በማርትሬዛ ብር ይገዛ ስለ ነበረ፣ ባላገሩ የሚሸጠውን ይዞ ወደ ሰፈሩ ይሄድ ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚህ የምናየው ምንድን ነው? የገዛ ንጉሡን ሠራዊት የሸሸው ባላገር ለባዕድ ጦር ገብስ ሸጠ፤ ይህን ስለ አደረገ አገሩን ጠልቷል ልንለው አንችልም። የሸሸው ጅራፉንና ዝርፊያውን ነው። ነገር ግን ብሩም ቢሆን የሄደው ከጦሩ ጋራ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ገበያው አብሮት ተነሣ። በጅራፍ የተበላው እንጀራ ቂም ትቶ አለፈ፤ በብር የተገዛው ሂሳቡ ተዘጋ። ከዓመት እስከ ዓመት ሳይቋረጥ መንገዱን ያቆየው በእግዚአብሔር ስም የተለመነው ማደሪያ ነው። የዛሬው ተሳላሚ የሚያድርበት ቤት ደጉ ሰው የሞተ እንደ ሆነ ልጁ ይቀበላል፤ እንግዳውም የሞተ እንደ ሆነ የእንግዳው ልጅ ይመጣል።

ንጉሥም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ እንደ ተሳላሚ ሆኖ ሄዷል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በማይጨው ጦርነት ከሆነ በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኮረም አፈግፍገው ወደ ላሊበላ ሄዱ፤ በዚያም ጸሎት አደረሱ። በእነዚያው ቀናት፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ የኢጣልያ ጦር ደሴን ያዘ። ዋናው መንገድ በጠላት እጅ በወደቀ ጊዜ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረላቸው የበቅሎና የእግር መንገድ ነበረ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል ደርሰናል። የእግዚአብሔር እንግዳ ሲባል፣ የመጣበት ቤት ያለው፣ የሚመለስበትም ደጃፍ ያለው ሰው ማለት ነበረ። በ1965ና በ1966 ዓመተ ምሕረት በወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ ግን፣ ከደጋውም ከቈላውም ቤቱን ዘግቶ የወጣው ሕዝብ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ፤ በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞችም ወደቀ። በ1977 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ያው መከራ ተመለሰ፤ የኮረም ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ያን ጊዜ በደጃፍ ቆሞ መሽቶብኛል የሚለው እንግዳ ነገ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ባለቤቱም የሚያቀርብለት አልነበረውም። በዚያ ዘመን የተዘጋውን በር ማንም አይፍረድበት። ከአባት የተወረሰው ልማድ የተሸነፈው በሰው ክፋት ሳይሆን በባዶ ጎተራ ነውና። መኪና የሚያስኬደው ዋና መንገድ የእርዳታውን እህል ባያመጣ ኖሮ፣ ጥፋቱ ከዚያ የከፋ በሆነ ነበረ።

እንደ ገናም በ2013 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ወልድያ፣ ወደ መርሳና ወደ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ ልጆቹን አዝሎ በእግሩ ወደ ደሴ አቅጣጫ ተሰደደ። ያን ጊዜ እንግዳ ተቀባይ የነበረው ራሱ እንግዳ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን ግን የልደት በዓል በላሊበላ ተከበረ፤ ተሳላሚውም መጣ። የላሊበላ ከተማ ሰዎች የመንገደኛውን እግር አጥበው የመቀበል ልማድ አላቸው፤ መከራውን ያየ እጅ የሌላውን መከረኛ እግር ሲያጥብ ማየት ታላቅ ትምህርት ነው።

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በደሴና በወልድያ በኩል የመኪና መንገድ አወጡ፤ በደርግ ዘመንም በቻይናውያን እርዳታ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ተሠራ። ከዚያም በጋሸና በኩል መኪና ወደ ላሊበላ ይገባል፤ አውሮፕላንም ያርፋል። በዚህ ልናዝን አይገባንም። በሽተኛውና አሮጊቷ፣ ቀድሞ ላሊበላን በስም ብቻ ያውቋት የነበሩት፣ ዛሬ ደርሰው ይሳለማሉ። ነገር ግን መኪናው በደጃፍ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ አይልም። ዳገቱ ላይ ያለው ባላገር በዓሉ ሲደርስ የሚያየው እያነሰ የሚሄደውን እግረኛ ነው፤ የእንግዳ መደቡም ባዶውን ያድራል።

በሌላው ዓለም በአንጻሩ የእግር መንገድ እየከበረ መጥቷል። በስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ድንኳንና ስንቅ በጀርባቸው አዝለው፣ ብዙ ቀን በተራራ ላይ የመሄድ ልማድ አላቸው። ለዚህም በ1980 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር 154 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የእግር ጎዳና ተከፈተላቸው፤ በ2003 የወጣውም ሕግ ማንኛውም ሰው ጥፋት ሳያደርስ በባለርስት መሬት ላይ እንዲያልፍ መብት ሰጠው። በዚያው ዓመት በእኛ አገር በመቄት፣ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው ሥራ፣ እንግዶች ከመንደር ወደ መንደር በእግር እየሄዱ ባላገሩ ባዘጋጀው ጎጆ እንዲያድሩ፣ ገንዘቡም ለመንደሩ እንዲደርስ አደረገ። ይህ መልካም ነው፤ በጅራፍ ከመብላት በብር መብላት ይሻላልና። የስኮትላንዱን መንገደኛ ሕጉ ይጠብቀዋል፤ ማደሪያውንም ተሸክሞ ስለሚሄድ ማንንም አይለምንም። የእኛ ተሳላሚ ግን መለመን ነበረበት፤ ባለቤቱም ማመን ነበረበት። ሀብታሙ እንደ ድኃ ደጃፍ የሚቆምበት፣ ድኃውም ቤት እንዳለው ሰው ግቡ የሚልበት ሌላ ቀን በዓመቱ ውስጥ ብዙ የለም።

ይህንንም ለልደት በዓል በሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ማየታችን በአጋጣሚ አይመስለንም። ዮሴፍና ማርያም ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የሄዱት በእግር መንገድ ነው፤ ሲደርሱም በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አላገኙም። ወደ ላሊበላ የሚወጣው ተሳላሚ የዚያን ሌሊት ታሪክ በመቅደስ ከመስማቱ አስቀድሞ በየደጃፉ ያየዋል፤ በሩን የሚከፍትለትም ባላገር በቤተ ልሔም ያልተደረገውን ያደርጋል።

ስለዚህ በወልድያ፣ በመርሳ፣ በድልብና እስከ ላስታ ባሉት አጥቢያዎች የምታገለግሉ ካህናት ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ወደ እናንተ ልመና ነው። መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ፣ ተሳላሚው ያርፍበት የነበረውን ዛፍ፣ ውሃ ይጠጣበት የነበረውን ምንጭ፣ ያድርበት የነበረውን መንደር ስም ጠይቃችሁ በየደብሩ መዝገብ አስጽፉ። በከተማ የምትኖሩም ወንድሞች፣ በመኪና መሄድ ብትችሉም፣ ጉልበታችሁ ሳይደክም አንድ ጊዜ ከልጆቻችሁ ጋራ በእግራችሁ ውጡ፤ በመሸባችሁም ስፍራ ከደጃፍ ቆማችሁ ማደሪያ ለምኑ። ወደ ከተማችሁ የሚመጣውንም እግረኛ ከየት መጣህ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ውሃ አቅርቡለት። ለዚህም አምላከ አብርሃም ይርዳን፤ አሜን።